የኋላ መቀመጫ

በአይሱዙ ጀርባ በገመድ ታስራ፣
የጊቤን ቁልቁለት በሌሊት ተሻግራ፣
ደረሰች። ሄርማታ ጎህ ሲቀድ አራት ሆነን
አወረድናት ቀስ ብለን፣ እንደ ታማሚ ደግፈን።
ቀይ ናት። የሰልባቲዮዋ ላስቲክ ገና አልተላጠም።
(ሦስት ዓመት ባጃጅ፣ ሦስት ዓመት ዕቁብ ነች፤ ይህን ማንም አይጠይቅም።)

ሰው አዲስ ሲገዛ እንዳለ ይነዳዋል፤
እኔን ግን የፋብሪካ ልክ እጄን ያሳክከዋል።
በሳምንቷ ሙዘይን ጋራዥ አቆምናት።
"ካቻቢቴውን ስጠኝ፤ ምኗ ነው የበዛባት?"
"ስፖኪዮዋ፣" አልኩት፣ "የአህያ ጆሮ ነው፤
ፓራፋንጎዋም ረዝሟል፣ ታርጋ ማሰሪያዋም ያው ነው።"
ፈታናት። በየዳዶው ዘይት እየነካን፣
ብሎኑን በቲማቲም ጣሳ እየከተትን።
ከመርካቶ ዕቃው መጣ በሕዝብ አውቶቡስ፣
ከሹፌሩ ወንበር ሥር፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ሲተራመስ፦
የፍሬንና የፍሪሲዮን አጫጭር እጀታ፣
ካርቦን የሚመስል (ካርቦን ያልሆነ) ማርሚታ፣
መሪው ጫፍ የምትሰካ፣ መዳፍ የማታክል ስፖኪዮ፣
ጉልበት እንዳይንሸራተት ላስቲክ ለሰልባቲዮ፤
ከሁሉም ከሁሉም ግን፣ የኋላ ወንበሯን አስነስቶ
የሚከደን ቀይ ጉብታ፣ እንደ ተርብ ጭራ ሾሎ ወጥቶ።

ማርሚታው የገባ ለት ቁልፏን ባዞርላት፣
የሙዘይን ዶሮ ሳምንት ሙሉ ዕንቁላል ጠፋት።
ከአጂፕ እስከ ቆጪ ስም ወጣልኝ በማታ፤
ልጆቹ እየሮጡ፦ "አባ ማርሚታ! አባ ማርሚታ!"
ቀድሞ በዚህ አገር ሰው በፈረሱ ነው የሚጠራ፤
የቅድመ አያቴ ስም ጠፍቷል፤ የቀረልን የፈረሱ ነው፣ የዚያ የቦራ።
ደስ አለኝ። በፈረስ ባይሆን፣ በጭስ ማውጫ ቢሆንስ?

አባቴ በርጩማ ጠራቢ ነው። አርባ ዓመት ዋንዛ ጠርቦ፣
ካንድ ግንድ ሦስት እግር አውጥቶ፣ መሐሉን አጎድጉዶ፣ አስውቦ፣
የዚህን ከተማ ሰው በሙሉ አስቀምጧል፤
ሰርግ ቢሉ፣ ለቅሶ ቢሉ፣ በሱ እጅ ያልተቀመጠ ማን ይገኛል?
አንድ ሐሙስ ጉልበቱ አብጦ፣ ሐኪም ቤት ሊሄድ፣ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ፣
ወጣና ዞራት። ዳሰሳት። እንጨት እንደሚያይ፣ ተጠንቅቆ።
ቀዩን ጉብታ በጣቱ ሁለቴ መታ፦
"ነዚፍ፣" አለኝ፣ "እኔስ የት ልቀመጥ?" ቆየ ለአፍታ፣
ባጃጅ ጠራ።

የድሮዋን ወንበር ከአልጋዬ ሥር፣ ከካርቶኗ ባወጣት፣
አይጥ በልቷታል፤ ስፖንጇ ላይ ጎጆ ሠርቶባት።
ሙዘይን ጋ ደወልኩ። "ትታዘዛለች፤ ሁለት ወር" አለኝ።
አባቴ ግን ክሩን አውጥቶ ለካት፤ ምንም አልጠየቀኝ።

ቅዳሜ ከገበያ መልስ ይዟት መጣ፦ የዋንዛ መቀመጫ፣
ቁጥር የሌላት፣ ዱባይ የማያውቃት መለዋወጫ።
ላይዋ ቆዳ፣ ጠርዟ ሐረግ፣ ሆዷ ላይ አራት ቀዳዳ፤
አንዷ ብቻ ቦታዋን ስታ። "እሱ የፋብሪካው ዕዳ"
አለ፤ እሱ ተሳስቶ አያውቅም። በሞረድ አሰፋናት።
ወደ ግራ ትዘማለች፤ ዝናብ ስትጠጣ ታብጣለች። ለመድናት።

ጅሬን ዳገት ላይ ከኋላዬ ቀበቶዬን ጨምድዶ
"ቀስ! ቀስ!" ሲለኝ ወጣን። ስንመለስ ግን፣ ጭጋጉ ከከተማው ላይ ሄዶ፣
በሄልሜቴ ጆሮ በኩል አንዲት ቃል፦ "ጨምር።"
መዳፍ በማታክል ስፖኪዮ የታየኝ ክርኑ ብቻ ነበር።
ጨመርኩ። ይሳቅ ይሳል፣ ከማርሚታው ጩኸት አልለየሁም።

ቆጪ ስንደርስ ልጆቹ ዝም አሉ፣ አንዱ እስኪስቅ፣ ሌላው እስኪሰማ፤
ከዚያ መንደሩ ሁሉ፦ "አባ በርጩማ! አባ በርጩማ!"

ማታ ኪሴን ስፈትሽ አንድ ብሎን ተርፎኛል።
ከየት እንደሆነ አላውቅም። ሙዘይንም አላውቅም ይላል።